ጀፎረው ላይ የቆመው ደን

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ወልቂጤ ባለው መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ሽኝት ተደረገልኝ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ ነበር። ባነሩ ላይ ረድፉን ጠብቆ የቆመ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ከበላዩ ስሜ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «የልፋታቸው ፍሬ» ይላል። ንግግር የሚያደርጉት ሰዎች ስሜን ባነሱ ቁጥር እጃቸውን ወደ ዛፎቹ ይዘረጋሉ። እኔ ከዛፎቹ በስተግራ፣ በፎቶው ጥግ ላይ፣ አንድ የእንጨት በር አየሁ። በሩ የእናቴ ነው።

ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክ ቆረስኩ። ባነሩን ጠቅልለው «ለመታሰቢያ ይሁንዎት» ብለው ሰጡኝ። በባጃጅ ይዤው ገባሁና አልጋ ሥር ከተትኩት። ይህን የምጽፈው በዚያ ባነር ምክንያት ነው።

ከሥራ የወጣ ሰው ሲጽፍ የረዱትን ያመሰግናል። እኔ የማመሰግነው ሰው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይመሰገንም። ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። ቤቴን ለማንም አላስጎበኝም። ስለ ደመወዝም አልጽፍም፤ ጥቂት ነበር፣ አለቀ።

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ቡታጅራና ወልቂጤ በአንድ ዞን ሥር ነበሩ። የደን ትምህርቴን ጨርሼ፣ ጠረጴዛና ወንበር ይጠብቀኛል ብዬ ሄድኩ። የተቀበለኝ የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ሸምሱ ነበር፤ የመስቃን ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያናግር ፊት የማያይ። «አሰላሙ አለይኩም» አለኝ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ብመልስለት «እሱም እዚያው ይደርሳል» አለኝና አካፋ አቀበለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ አፈር መሙላት ነበር። ከደን የመጣ ጥቁር አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ በትንንሽ ላስቲክ ይሞላል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ላስቲኩ ሲሞላ መሬት ላይ ቀስ ተደርጎ መመታት አለበት፤ አለዚያ ውስጡ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ሥሩም እዚያ ሲደርስ ይደርቃል። ብዙ ከተመታ ደግሞ አፈሩ ይጠነክርና ውሃ አልገባ ይለዋል። ጋሽ ሸምሱ ከየመደቡ አንድ አንድ ችግኝ ያነሣና በምላጭ ላስቲኩን ይሰነጥቃል። ቅጠሉን ዞር ብሎ አያይም። አፈሩን አራግፎ ሥሩን በጣቱ ይዳስሳል። ሥሩ ተጠማዝዞ ካገኘው መደቡን በሙሉ እንደገና ያስሞላል። አንድ ቀን ቅጠሉ እንዲህ አምሮ ለምን እናፈርሰዋለን ብዬ ተከራከርኩት። «ላዩንማ ፍየልም ታየዋለች» አለኝ።

የዝግባ ዘር እስኪበቅል ትዕግሥት እንደሚጨርስ፣ የወይራን ፍሬ ቅርፊቱን ሳያደቅቁ እንዴት ሰንጥቀው እንደሚዘሩት፣ ችግኝ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ውሃ እየቀነሱ ማስራብ እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ከእሱ ነው። «ጠግቦ ያደገ ሜዳ ላይ ይሞታል» ይላል፤ ይህን ሲል ችግኙን ይሁን እኔን እንደሚያይ አይታወቅም። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ወንዶች ሜትር ይዘው ሜዳ ሲወጡ እኔን አፈር ላይ አቆየኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ እነሱ ቶሎ እንደሚሄዱ፣ እኔ ግን እንደምቆይ ነገረኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አልረሳሁለትም።

በመጨረሻ ሜዳ ይዞኝ ሲወጣ ሥራውን ለየት ባለ መንገድ ሲጀምር አየሁ። መሬት ልንለካ ቀበሌ ስንገባ ሜትሩን ከቦርሳው አያወጣም። መጀመሪያ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቃል። እዚህ በኩል ማን ያልፋል? በክረምትስ? ሬሳ በየት ይወጣል? ሙሽራ በየት ትገባለች? ግማሽ ቀን እንዲህ ያልፋል፤ ወንዶቹ ይበሳጫሉ። በበጋ ያየውን መሬት በክረምት ተመልሶ ካላየ አይፈርምም፤ መኪና ሲከለክሉት በእግሩ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ እንደማስተማር አድርጎ ነገረኝ፦

«የት እንደሚተከል ማንም ይነግርሻል። የት እንደማይተከል ግን ቁጭ ብለሽ ካልጠየቅሽ የሚነግርሽ የለም።»

ዛሬ በሕይወት የለም። ቀብሩ ላይ ያን አዳራሽ ከሞሉት ሰዎች አንዱንም አላየሁም።

ከቡታጅራ ቀጥሎ ቡኢ ተመደብኩ። ከመንገዱ በላይ አንድ የተራቆተ ተራራ ነበር፤ ከሰል አክሳዮች ወይራውን ጨርሰውት ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ከብት እንዳይገባበት እንዲከለከል ሐሳብ አቀረብኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት ሴት ላሟን ጎትታ መጣችና ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ካንቺ ጋ ትደር» አለችኝ። «ሣር የምትበላ ላም ናት፤ ወረቀት ስጫት።»

ሰው ሳቀ፤ እውነቷን ነው። ሳምንት ተቀምጬ ጠየቅሁ። ከብት አይገባም፣ ሣሩን ግን ሴቶቹ በየተራ እያጨዱ ይወስዳሉ ተባለና ተስማማን። ገመድ ያስያዘችኝ ሴት የአጨዳው ተራ አስከባሪ ሆነች፤ ከእኔ ይልቅ እሷን ይፈሯት ነበር። ከጥቂት ክረምት በኋላ የወይራው ጉቶ በየቦታው አቆጠቆጠ፤ ከሥሩ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ውሃ። አንድም ችግኝ አልተከልንም። ችግኝ ስላልተከልንም ከሪፖርት ውጪ ሆንን። የዚያ ዓመት የተከላ ዋንጫ የተሰጠው ብዙ ተክሎ ሁሉንም ላደረቀ ጎረቤት ቀበሌ ነው። ዋንጫውን የተቀበለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ለእሱ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃዋለች።

ከዚያ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ዞኑ ቢሮ ተዛወርኩ። አለቃዬ አቶ ጌታነህ የሚባል ሰው ነበር። ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም። ጨዋ ነው፣ አይቆጣም፣ ጉቦ አይበላም። ይህን የምጽፈው ሰው ሌባ ነበር ብሎ እንዳያስብ ነው። ሌባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከበላይ አካል ሲጠየቅ የደን ሽፋናችን ጨምሯል ብሎ መመለስ።

የእኔ ሥራ የመሬት አጠቃቀም ካርታ ማዘጋጀት ሆነ። እርሻ ቢጫ፣ ደን አረንጓዴ፣ ቤት ቡናማ፣ ውሃ ሰማያዊ ይቀባል። እንሰትን ከእርሻ ለይቼ የራሱን ቀለም ለማሰጠት ወራት ተከራክሬያለሁ፤ ቀለሙን አገኘሁ። ጀፎረ ላይ ስደርስ ተሸነፍኩ።

ጀፎረን ለማያውቅ ልንገረው። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር ቤቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይሠራሉ። በመካከላቸው የሚዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ጀፎረ ይባላል። ከየቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ኋላ እርሻና ባሕር ዛፍ ይኖራል። ጀፎረው ግን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ጥጃ ይግጥበታል፣ ሽማግሌ ይፈርድበታል፣ መስቀል ይከበርበታል፣ ልጅ ይዳርበታል። ከሁሉ በላይ ይለቀስበታል። ለቀስተኛ ከሩቅ ከጀፎረው ጫፍ እያለቀሰ ሲመጣ የሟች ቤተሰብ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ እሱም ያያቸዋል። ያ መተያየት ራሱ ማጽናኛ ነው። ጀፎረን ያረሰ፣ ያጠረ፣ ዛፍ የተከለበት ሰው በአባቶች ሕግ፣ በቅጫ፣ ይጠየቃል። የእኔ የትውልድ መንደር ከአታት ብዙ አይርቅም፤ የአባቴ ቤት እንዲህ ባለ ጀፎረ ላይ ነው የቆመው።

ስለዚህ በአንድ ስብሰባ ላይ ጀፎረ የራሱ ቀለም ይሰጠው አልኩ።

«መንገድ ነው?» አለኝ አቶ ጌታነህ።

«መንገድም ነው።»

«ግጦሽ ነው?»

«ጥጃ ይግጥበታል። ግን ይዳርበታል፣ ይፈረድበታል፣ ይለቀስበታል።»

«ትርፌ፣ ለለቅሶ የሚሆን ቀለም የለንም» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጀፎረው ሁሉ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በየመንደሩ መካከል እንደ ረጅም የጨርቅ ቁራጭ።

ከጊዜ በኋላ ለችግኝ ተከላ ክፍት ቦታ ፈልጉ የሚል ትእዛዝ መጣ። በአካባቢያችን ክፍት ቦታ የለም። ያልታረሰው ቁልቁለት ነው፣ ያልታጠረው የሌላ ሰው ነው። አቶ ጌታነህ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ ነጩን እየተከተለ ሲያይ አይቻለሁ። አንድ ቀን በመኪና ስናልፍ፣ ይህ ሁሉ ስፋት መኪና ለሌለበት መንደር ምን ይሠራል ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መለስኩለት፤ መስኮቱን ዘጋ።

በዚያ ሰሞን ቡኢ ያለውን የተከለለ ተራራ እንድጎበኝ ላከኝ። ስመለስ እናቴ ጋ ልደር ብዬ መንደሬ ጎራ አልኩ። የጀፎረው ሣር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቆፍሯል። ጉድጓዶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በየጉድጓዱ የባሕር ዛፍ ችግኝ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ለምን እንደተመረጠ ወዲያው ገባኝ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ፎቶ ላይ ቶሎ ይታያል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ነካ አደረግሁት። ላስቲኩ ሳይወልቅ ነበር የተቀበረው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እንደ ወትሮዋ ወጥታ አልተቀበለችኝም። ስለ ጉድጓዱ ምንም አላለችም። እኔም በዚያ ምሽት አፍሬ ምንም አላልኳት።

በማግሥቱ አቶ ጌታነህ ቢሮ ገባሁ።

«ጀፎረው እንዲተከል ማን ፈቀደ?»

«ካርታው ላይ ክፍት ነው።»

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነጭ የሆነው ቀለም ስለከለከሉኝ ነው።»

«እንግዲያው ክፍት ያደረግሽው አንቺ ነሻ» አለኝ። አልተቆጣም። ሻዩን ያማስል ነበር።

ይነቀል አልኩት። የተተከለ ችግኝ ይነቀል ስል ሰው እንዳይሰማኝ መከረኝ፤ የደን ባለሙያ ነሽና አለ። ጮክ ብዬ ደግሜ አልኩት፤ በኮሪደሩ ያሉት እንዲሰሙ። ከእሱ በላይ ላሉትም ሄጄ ተናገርኩ። እነሱም ባለሙያዋ ዛፍ ንቀሉ ትላለች ብለው ተገረሙ። በወሩ ከሜዳ ሥራ ተነሥቼ የሌሎችን ሪፖርት መሰብሰቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ነበርኩ። በየዓመቱ ከእጄ በሚያልፈው ሪፖርት ላይ የመንደሬ ጀፎረ ደን እየተባለ ሲያድግ አነብ ነበር።

ግማሹ ችግኝ ደረቀ፤ ግማሹ ግን በቀለ። ባሕር ዛፍ ሲበቅል ከሥሩ ያለውን ሣር አይምርም። ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱን ይሸፍናል፣ ጥጃ የሚልሰው አያገኝም። መስቀል በየጓሮው መከበር ጀመረ። ወደ መንደር ስመጣ ሰው ሰላምታ ይሰጠኛል፤ አጭር ሰላምታ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው እል ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ ጀፎረውን እያየች ነበር የምትውለው። በርጩማውን ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ወሰደችው። አዶት፣ ለምን እዚህ ተቀመጥሽ አልኳት፤ እናትን «አዶት» ብለን ነው የምንጠራው። «ጥላው ይበርደኛል» አለችኝ። ለእርጅናዋ ሰጠሁት።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር ውስጥ ታመመች። አታት ሆስፒታል አስታመምኳት፤ ቤቴ ልሙት ስትል ይዣት ተመለስኩ፣ እንዳለችውም ሆነ። ለቅሶው ሲነሣ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የዛፍ ግንድ ነው። ከጀፎረው ጫፍ የሚያለቅስ ድምፅ እሰማለሁ፤ ማን እንደሆነ አላይም። ሰው ከግንዶቹ መሐል አንድ አንድ እያለ፣ ድንገት አጠገቤ ሲደርስ ነው የሚታየኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ አጎቴ በሩ አልታይ ብሎት የሌላ ሰው ቤት ደርሶ ተመለሰ። ለለቅሶ የሚሆን ቀለም የለንም ያለኝ ሰው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እናቴን በእሱ ድምፅ መሐል ቀበርኳት።

በሦስተኛው ቀን አባ ሽርጋ መጡ። የመንደራችን አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴ ሲያገባ ሚዜ የነበሩ። ጓሮ፣ የእናቴ በርጩማ ያለበት ቦታ ወስደው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ እያለች አልጠየቅንሽም» አሉ። «ጀፎረውን ለምን ሰጠሽብን?»

«እኔ ሰጠሁ ያለ ማን ነው?»

«አለቃሽ ናቸው። እናትሽ በር ላይ ቆመው። የእናንተው ልጅ ናት ያጠናችውም የመረጠችውም አሉ። ልጆቹ በዚያው ሳምንት ሊነቅሉት ተነሥተው ነበር። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። የልጇን ሥራ በደጇ ላይ ነቅለን ያቺን ሴት አናሳፍርም አልኩ። እሷ እስካለች ይቆይ ተባባልን።»

ያን ዛፍ ከልጆችም ከከብትም የጠበቀው የእኔ ስም ነበር። እኔ ወልቂጤ ተቀምጬ ይነቀል እያልኩ ስጣላ፣ መንደሩ ለእኔ ሲል እየተንከባከበው ነበር።

እናቴ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እሷ ፊት ነው የተናገሩት አሉኝ። በርጩማውን አየሁት። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም። የወለድኳት ልጅ ይህን አታደርግም ብላ ይሁን፣ አድርጋለች ብላ ይሁን፣ አላውቅም። ይህን አቶ ጌታነህም ሊመልስልኝ አይችልም።

ለአባ ሽርጋ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርታውን፣ ነጩን፣ ሻዩን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እውነትሽን ሊሆን ይችላል» አሉ። «ግን ሰውዬው በሌለበት አልፈርድም። ዛፉ ግን ለእናትሽ ነበር የቆመው። አሁን ምን ይሁን?»

«ይቆረጥ» አልኳቸው። ዕድሜ ልኬን ዛፍ ሳሳድግ ኖሬ ሥልጣን ይዤ ካስተላለፍኩት ውሳኔ ሁሉ ይህን የሚያህል አላስታውስም፤ ያውም ሥልጣን ካለቀ በኋላ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፈራ። በደን ተመዝግቧል፣ ደን ቆረጡ ተብለን እንጠየቃለን አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ባነሩን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሚኒባስ ቢሮ ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ሰላማዊት የምትባል ልጅ ናት፤ አብረን ሠርተናል፣ መጥፎ አይደለችም። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የርስዎ ነው» አለችኝ።

«ይህ በር የማን ነው?» አልኳት ጥጉን እያሳየሁ።

«አላውቅም።»

«የእናቴ ነው። ደን የምትሉት ደጇ ነው። ከዚህ ደጅ ባለፈው ሳምንት ሬሳዋ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ግንድ እየዞሩ ነበር።»

የሽፋኑ ቁጥር ይቀንስብናል አለችኝ፤ በቀስታ፣ እንደማፈር ብላ። ይቀንስ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መጥታ ራሷ እንደምታየው ነገረችኝ። መጣች። ደግነቱ ሜትሩን ከቦርሳዋ ከማውጣቷ በፊት በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ይህን ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም። እሷ በጻፈችው መሠረት በሳምንቱ ፈቃዱ ከቢሮው ተሰጠ።

ቆረጣው ሲጀመር መንደሩ በሙሉ ወጣ። ግንዱ ለወንዙ መሻገሪያና ለትምህርት ቤቱ አጥር ዋለ። ብርሃን ወደ ቤቶቹ ሲገባ አንዳንዱ ሰው የማዶውን ጎረቤቱን ከብዙ ዓመት በኋላ ደጁ ላይ ቆሞ አየው። ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ ብቻ አይተውም። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከአንዱ ግንድ ቦታ አራት አምስት ሆኖ ይነሣል። ቡኢ ላይ የወይራ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ እሰይ ያልኩት ሰው፣ እዚህ ጉቶው ሁሉ ከነሥሩ ይነቀል አልኩ። ከባድ ሥራ ነው፤ ከእናቴ አርባ በኋላ ሊጀመር ተቀጠረ።

አርባው በጀፎረው ላይ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፤ ቦታ ያጣ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ከጀፎረው ጫፍ ነጭ መኪና ቆመና አንድ ሰው ወረደ። ከሩቅ አየሁት፤ ለዚህ ነው ጀፎረ። አቶ ጌታነህ ነበር። እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ የእናቴን ሞት ዘግይቶ ነው የሰማው። ጉቶውን እየተሻገረ መጥቶ እጄን ያዘኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ይህንንም እጽፋለሁ። ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ፈገግ አለና «ደኑን ጨረሳችሁታ» አለኝ።

እጁን ሳልለቅ ወደ ሽማግሌዎቹ ወሰድኩትና አባ ሽርጋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሻይ ቀረበለት።

«አቶ ጌታነህ» አልኩት፣ «እነዚህ ሰዎች ሲጠብቁዎት ነበር። ይህን ጀፎረ ለተከላ የመረጠው ማን ነው?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል።

«ያን ጊዜ ካርታው ላይ…» ብሎ ጀመረ።

«ካርታ እግር የለውም» አሉ አባ ሽርጋ። «እዚህ የመጣው ማን ነው?»

አቶ ጌታነህ ማንኪያውን ከብርጭቆው አውጥቶ የሚያስቀምጥበት አጣ፤ እጁ ላይ ያዘው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሷ ተቃውማ ነበር።»

ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሰደበውም። አባ ሽርጋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ እኔ አላዩም። እሱን ግን «አንተ» ብለው ጠሩት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንተ ሲባል ሰምቼው አላውቅም።

«አንተ ለሐዘን የመጣህ ሰው ነህ፤ ሻይህን ጠጣ» አሉት። «በእኛ ሕግ ጀፎረ የዘጋ ሰው ነው ጀፎረ የሚከፍተው። ጉቶ ነቀላው ቅዳሜ ነው። መቆፈሪያ እዚሁ አለ፣ ይዘህ አትምጣ።»

አይመጣም አልኩ። የማውቀው ሰው ነው፤ ቀጠሮ ይኖርበታል፣ ጉልበቱን ያመዋል። ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ መጣ፤ ንጹሕ ጫማ አድርጎ። ልጆቹ መቆፈሪያ ሰጡትና ከእናቴ በር ፊት ያለውን ትልቁን ጉቶ አሳዩት። ኮቱን አውልቆ የሚያኖርበት ሲያጣ እኔ ተቀበልኩት። አላመሰገንኩትም፤ እሱም ይቅርታ አላለኝም። የእናቴን በርጩማ ከጓሮ አምጥቼ በሩ ላይ፣ በቀድሞ ቦታው አደረግሁና ኮቱን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከላይ በኩል ጀመረ። ደረቅ መሬት ነው፤ መቆፈሪያው ይነጥራል። ላብ በላብ ሆነ፣ ጉቶው ፍንክች አላለም። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ግን የሙያ ነገር ሆነና አላስቻለኝም።

«በታች በኩል ይጀምሩ» አልኩት። «ሥሩ ውሃ ተከትሎ ወደዚያ ነው የሄደው።»

ቀና ብሎ አየኝ። መቆፈሪያውን አንሥቶ ጉቶውን ዞረና ከታች በኩል መቆፈር ጀመረ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የነገርኩትን ሲሰማ ያየሁት ያን ቀን ነው።